መጽሐፍና ኮምፒዩተር
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በአንድ ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ከመካከላችን አንዳንዱ፥ «ኮምፒዩተር ከመጣ ወዲህ መጽሐፍ መሸከም ከንቱ ድካም ነው» ይላል። ሌላውም፥ «ኮምፒዩተር መጫወቻ እንጂ መማሪያ አይደለም» ብሎ ይመልሳል። እኔ ግን ሁለቱም ግማሹን ብቻ የተናገሩ ይመስለኛል።

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2015 ዓ.ም. ሲሠራበት፥ መጻሕፍቱ ታትመው በጊዜ ስላልደረሱ ብዙ ተማሪዎች በወላጆቻቸው ስልክ አጠኑ። እናት ስልኳን ይዛ ወደ ሥራ ስትሄድ፥ መጽሐፉም አብሯት ሄደ። የታተመ መጽሐፍ ግን መብራት ቢጠፋ በኩራዝም ይነበባል፤ በዳሩም ላይ በእርሳስ ምልክት ይደረግበታል፤ በመካከልም የጓደኛ መልእክት እያመጣ አሳብ አይበትንም።

ይሁን እንጂ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለብዙ ተማሪዎች በኮምፒዩተር ተሰጥቷል። ኮምፒዩተርን መጀመሪያ የሚነካው በፈተናው ቀን የሆነ ተማሪ፥ ትምህርቱን እያወቀ ሊወድቅ ይችላል።

ስለዚህ ወላጆቻችንንና መምህራኖቻችንን የምንለምነው አንዱን በሌላው እንድትለውጡልን አይደለም፤ ለማጥናት መጽሐፍ በየእጃችን፥ ለመለማመድ ኮምፒዩተር በትምህርት ቤታችን እንዲኖር ነው። እኛም በበኩላችን መጽሐፉን ሳንቀድ፥ ኮምፒዩተሩንም መጫወቻ ሳናደርግ ተምረንባቸው ለታናናሾቻችን ልናስረክብ ይገባናል።