ከተማውን የሠራች መንደር



የኦክስፎርድ ስም ሲነሣ ሁላችንም የምናስበው ኮሌጆቹንና የደወል ግንቦቹን ነው። ዛሬ ልንናገር ያሰብነው ግን ድንጋዩ ስለ ወጣባት መንደር፣ ስለ ሄዲንግተን ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር እንጠራለን።

ሄዲንግተን ከከተማው በስተምሥራቅ ከኮረብታ ላይ ትገኛለች። በ1086 የንጉሥ ዊልያም ሹማምንት አገሩን ቈጥረው በጻፉት መዝገብ ውስጥ የንጉሥ ርስት ሆና ተመዝግባለች። በ14ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የኒው ኮሌጅ የደወል ግንብ ሲሠራ ድንጋይዋ ወደ ከተማው ወረደ፤ ከዚያም ወዲህ ብዙ ኮሌጆች በዚሁ ድንጋይ ተሠሩ። እውነቱን ለመናገር ድንጋዩ ለስላሳ ነበር። በከሰል ጢስ እየጠቈረና እየተላጠ ስለ ሄደ በ20ኛው መቶ ዓመት የብዙዎቹን ሕንፃዎች ፊት በሌላ ድንጋይ መለወጥ ግድ ሆነ።

ድንጋይ በሚወጣባቸው ጕድጓዶች ዙሪያ ሄዲንግተን ኳሪ የተባለ ሰፈር በቀለ። ወንዶቹ ድንጋይ ፈላጮች፣ ጡብ ሠሪዎችና ግንበኞች ነበሩ፤ ሴቶቹ የኮሌጆቹን ልብስ ያጥቡ ነበር። እንግዲህ ተማሪው ያደረበት ግድግዳም፣ የለበሰው ሸሚዝም በዚያ ሰፈር ሰዎች እጅ አልፏል።

በብርዱ ወራት ግንባታ ይቆማል፤ የቀን ሠራተኛም ደመወዝ አያገኝም። በ1899 የገና ማግሥት የሰፈሩ ሰዎች ሥራ ፈትተው ጥቂት ሳንቲም ለማግኘት ሞሪስ የሚባለውን ጭፈራቸውን ይዘው ወጡ። ሴሲል ሻርፕ የተባለው ሙዚቀኛ በዚያው በሄዲንግተን በእንግድነት ሳለ አያቸው። በማግሥቱም ኮንሰርቲና የሚጫወተውን ግንበኛ ዊልያም ኪምበርን አስጠርቶ ዜማዎቹን በኖታ ጻፈ። ዛሬ የእንግሊዝ ባህል እየተባለ በየአደባባዩ የሚታየው ጭፈራ እንደገና ለመነሣቱ አንዱ ምክንያት ይህ የችግር ቀን ነው።

ዊልያም ሞሪስ በ1913 በጎረቤት መንደር በካውሊ አውቶሞቢል መሥራት ሲጀምር ሠራተኛው በዛ፤ እርሻውም በቤት ተሸፈነ። ሄዲንግተን በ1927 የራሷን የከተማ አስተዳደር አገኘች፤ ሁለት ዓመት ብቻ ቆይቶ በ1929 ኦክስፎርድ ጠቀለላት። በእኛ አስተያየት ግን መዋጡ የተጀመረው የመጀመሪያው የድንጋይ ጋሪ ቍልቍል በወረደበት ቀን ነው።

የፈላጮቹንና የአጣቢዎቹን ኑሮ ከሽማግሌዎች አፍ ሰምቶ በ1975 ያሳተመው ራፋኤል ሳሙኤል ነው፤ እርሱም በኦክስፎርድ ከተማ የሠራተኞች ኮሌጅ በሆነው በራስኪን ያስተምር ነበር። ዛሬ በኳሪ መንገዱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ አንዳንዱም ቤት የቆመው ድንጋዩ ወጥቶ ባለቀበት ጕድጓድ ውስጥ ነው።