ገንዘቡ ከሩቅ ይመጣል፤ ጥበቃው ግን ከእኛ ነው
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን ቀን ለማክበር በተሰበሰብንበት በዚህ በዓል ጥቂት ቃል እንድናሰማ ስለ ተፈቀደልን ከሁሉ አስቀድመን ምስጋናችንን እናቀርባለን። የመረጥነው ርእስ ስለ መንገድ፣ ስለ ድልድይና ስለ ውኃ፣ ይልቁንም እነዚህ ስለሚሠሩበት ገንዘብ ነው። «ይህ የትልልቆች ጉዳይ ነው፤ ለተማሪ ምን ይረባዋል?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በመንገዱ ዕለት ዕለት የምንመላለስ፣ ውኃውን የምንቀዳ፣ ነገም ግብሩን የምንከፍል እኛው ስለ ሆንን ጉዳዩ የእኛም ነው ብለን እናምናለን።

አባቶቻችን «ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» ይላሉ። አነጋገሩ እውነትነት አለው፤ ሆኖም በይርጋጨፌ ምድር ላይ ቆመን ስንመለከተው አንድ ነገር ይጐድለዋል። ይኸውም በሰማይ ያለውን መንገድ ማን እንደሚጠግነው አይናገርም።

መጀመሪያ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ እንመልከት። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት የፌዴራሉ መንግሥት ለክልሎች ድጎማ እንደሚሰጥ ይደነግጋል፤ ይህ ድጎማ የሚከፋፈልበትን ቀመር የመወሰን ሥልጣንም ለፌዴሬሽን ምክር ቤት የተሰጠ ነው። በጀቱን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸድቃል፤ ዓመቱም ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል። ክልሉ የደረሰውን ድርሻ ከራሱ ገቢ ጋር ደምሮ ለወረዳዎች ያካፍላል። ለወረዳዎች ጥቅል ድጎማ መስጠት የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ሲሆን፣ ጌዴኦ ያን ጊዜ በደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ውስጥ ነበረ፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ግን የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል አካል ሆኗል።

ከዚህ ድጎማ አብዛኛው ለመምህራን፣ ለጤናና ለግብርና ሠራተኞች ደመወዝ ይውላል። ይህን አንነቅፍም፤ መምህር የሌለበት ትምህርት ቤት ግድግዳ ብቻ ነውና። ነገር ግን ለአዲስ ሥራና ለጥገና የሚተርፈው ጥቂት መሆኑን ማወቅ ይገባናል። ስለዚህም ለትልልቅ ሥራዎች ሌሎች ፕሮግራሞች ተጨመሩ። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የገጠር መንገድ ፕሮግራም ቀበሌዎችን ሁሉ ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ለማገናኘት የታሰበ ነበረ። ለከተሞችም በፌዴራሉ መንግሥት አማካይነት ከዓለም ባንክ በተገኘ ገንዘብ የተከፈተው ፕሮግራም በ2000 ዓ.ም. በ19 ከተሞች ተጀምሮ፣ በኋላ ወደ 44፣ በ2010 ዓ.ም. በተጀመረው ምዕራፍም ወደ 117 ከተሞች ደርሷል። በዚህ ፕሮግራም ከተሞች የሚያገኙት ገንዘብ በየዓመቱ በሚመዘነው ሥራቸው ላይ የተመሠረተ ነበር።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሐዋሳና በዲላ አድርጎ ወደ ሞያሌ የሚወርደው አውራ ጐዳና በከተማችን መካከል ያልፋል። ይህ መንገድ የፌዴራሉ መንግሥት ኀላፊነት ነው። ከጐዳናው ወጥተን ወደ ኮንጋ፣ ወደ ሐሩ ወይም ወደ ኢዲዶ ስንሄድ ግን በእንሰትና በቡና ጥላ ሥር የሚጠማዘዝ፣ ዳገትና ቁልቁለት የበዛበት የቀበሌ መንገድ እናገኛለን። የዓለም ሕዝብ በስሙ የሚያውቀው ቡናችን የሚወጣው በዚህ መንገድ ነው።

እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ መብላላት ይጀምራል፤ ጣዕሙ ይበላሻል፤ ዋጋውም ይወርዳል። መንገዱ ለአንድ ሌሊት ቢዘጋ ገበሬው የዓመት ድካሙን በአንድ ሌሊት ያጣል። ከዚያ ዋጋ ደግሞ የእኛ ደብተርና የደንብ ልብስ ይገዛል። እንግዲህ የመንገድ ነገር ከትምህርታችን ጋር ምን ያህል የተያያዘ እንደ ሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ከመካከላችን አንዳንዶቻችን የምንመጣበትን አንድ መንገድ ምሳሌ አድርገን እንናገር፤ የቀበሌውን ስም መጥቀስ አያስፈልግም። መንገዱ ሲመረቅ ጭፈራውና እልልታው ብዙ ነበረ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ከመንገዱ ሥር ውኃ የሚያሳልፈው ቱቦ በደለልና በእንሰት ቅጠል ተደፈነ። ሁላችንም አየነው፤ ሁላችንም ዘለን አለፍነው። «የመንግሥት ነው፤ መንግሥት ይጥረገው» አልን። ዝናሙ በበረታ ጊዜ ውኃው መሄጃ ቢያጣ በመንገዱ ላይ ወጣ፤ በአንድ ሳምንትም መንገዱን ለሁለት ቈረጠው። በአካፋና በዶማ የግማሽ ቀን ሥራ የነበረው ነገር አዲስ በጀት የሚጠይቅ ሆነ። ጓደኞቻችን ጐርፉ እስኪጐድል ከትምህርት ቀሩ፤ ወላጆቻችንም ቡናውን በጀርባቸው ተሸከሙ። በዚህ ጥፋት ውስጥ እኛም እንዳለንበት ሳናፍር እንናገራለን።

ይሁን እንጂ ጥፋቱ ሁሉ የሕዝብ ነው አንልም። ደቦ ቦይ ይጠርጋል፤ የተሰነጠቀ የኮንክሪት ድልድይ ግን በደቦ አይጠገንም። አንድ ሥራ በተመረቀ ቀን ጠጋኙ ማን እንደ ሆነ፣ የጥገናውም ገንዘብ ከየት እንደሚወጣ አብሮ ሊነገር ይገባል። በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ፈንድ በአዋጅ ተቋቁሞ ከነዳጅ ላይ ገንዘብ እንዲሰበሰብ የተደረገው መንገድ ከሠሩት በኋላ ጥገና እንደሚፈልግ ስለ ታወቀ ነው። ይኸው ማስተዋል እስከ ቀበሌ መንገድና እስከ ውኃ ቦኖ መድረስ አለበት። እንደዚሁም ሕዝቡ ገንዘብ ሲያዋጣ ደረሰኝ ይቀበል፤ የዋለበትም ነገር በአደባባይ ይነገረው።

ሕገ መንግሥቱ በ43ኛው አንቀጽ ዜጎች አካባቢያቸውን በሚመለከቱ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸው የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይናገራል። በብራዚል አገር በፖርቶ አሌግሬ ከተማ ከ1981 ዓ.ም. ጀምሮ ነዋሪዎች ተሰብስበው ከከተማው በጀት የትኛው ሥራ እንደሚቀድም ይመክሩ ነበር፤ ብዙ አገሮችም ይህን ተምረውበታል። ለጌዴኦ ልጅ ግን ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። አባቶቻችን በሶንጎ ተቀምጠው ስለ መሬቱ፣ ስለ ዛፉና ስለ ሰላሙ ሲመክሩ ኖረዋል። በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ የጌዴኦ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው ሕዝቡ መክሮ ስለ ጠበቀው ነው። ጥንታዊውን ዛፍ የጠበቀ ምክር አዲሱን ድልድይ ስለ ምን አይጠብቅም? በ1994 ዓ.ም. የተቋቋመው የይርጋጨፌ ቡና ገበሬዎች ዩኒየንም ጥቂት በጥቂት የተጠራቀመ ኀይል ምን እንደሚሠራ ያሳየናል። ኀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለኀምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ስለዚህ በዚህ በዓል ሦስት ነገር ለራሳችን ቃል እንገባለን። አንደኛ፣ ክረምት ከመግባቱ በፊት ወደ ትምህርት ቤታችን የሚያመጡትን መንገዶች ቦይ እንጠርጋለን። ሁለተኛ፣ የወረዳው በጀት በሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ በክበባችን እያነበብን ማንበብ ላልቻሉ ወላጆቻችን እናስረዳለን፤ ያልተለጠፈ እንደ ሆነም በትሕትና እንጠይቃለን። ሦስተኛ፣ የተበላሸውን ቱቦ፣ ቦኖና ድልድይ በመዝገብ ጽፈን በየዓመቱ ለሚመለከታቸው እናቀርባለን።

ከእናንተ ከወላጆቻችን የምንለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ስብሰባ ሲጠራ ቅሩ አትበሉን፤ ከጐናችሁ አስቀምጡን። ዛሬ ስትመክሩ ያልሰማን ልጆች ነገ ምን ብለን እንመክራለን?

እግዚአብሔር አገራችንን ይባርክ።