ኑግ ሌሊቱን ይቆጥራል
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



ስለ ኑግ ጥቂት እንድናገር ተጠይቄያለሁ። በተጂ፣ ውኃ በሚተኛበት የበቾ ጥቁር አፈር ላይ ኑግ ምን ያህል እንደሚችል ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። አንድ ጥያቄ ግን ዘወትር ይነሣል። በሰኔ የተዘራውና ዘግይቶ በሐምሌ የተዘራው ኑግ ለምን ተቀራርበው ቢጫ ይለብሳሉ? የዘገየውስ ለምን ከጉልበት ሳያልፍ ያብባል?

ምክንያቱ ኑግ ዕድሜውን ብቻ ሳይሆን ሌሊቱንም ስለሚቆጥር ነው። በእኛ አካባቢ በሰኔ የቀኑ ርዝመት 12 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያህል ሲሆን በታኅሣሥ ወደ 11 ሰዓት ተኩል ይወርዳል። ለእኛ እዚህ ግባ የማይባል ልዩነት ነው፤ ለኑግ ግን የማበቢያ ትእዛዝ ነው። አሜሪካውያኑ ጋርነርና አላርድ ይህን ጠባይ እ.ኤ.አ. በ1920 በትምባሆና በአኩሪ አተር አሳይተዋል። በኋላም ተክሉ በዋናነት የሚለካው ያልተቋረጠውን ጨለማ መሆኑ ታወቀ።

ሌሊቱን የሚለካው ቅጠሉ ነው፤ የሚያብበው ግን ጫፉ። መልእክቱን ማን ያደርሳል? ቻይላኽያን የተባለው ሳይንቲስት በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ከቅጠል ወደ ጫፍ የሚጓዝ ሆርሞን አለ ብሎ ፍሎሪጀን የሚል ስም አወጣለት። ሰባ ዓመት ያህል ካከራከረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2007 ኤፍቲ የተባለ ፕሮቲን መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ወጣ። ጅበረሊን የሚባለው ሌላው ሆርሞን አገዳ ያስረዝማል፤ በአንዳንድ ተክሎችም አበባ ያፋጥናል።

ሃይፐሪከም የሚያመርቱ የአበባ እርሻዎች ሌሊት አምፑል የሚያበሩት ለጥበቃ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ያ ተክል አጭር ሌሊት ይወዳል። ኑግ ተቃራኒው ነው።

ወደ ራሳችን ልመለስ። ዘር ከዘገየ ገበሬው በማዳበሪያም በአረምም ሊያካክሰው አይችልም። ሌሊቱ አይጠብቀውም፤ ኑጉ ቅርንጫፍ ሳያበዛ ያብባል፣ አበባው ሲያንስ ፍሬውም ያንሳል። አባቶቻችን አባት ኑግንና መስኖ ኑግን በየዘር ወቅታቸው ለይተው የያዙት ያለ ምክንያት አይደለም።

ስለዚህ የኑግ ዘር ከግንቦት በፊት መጋዘን እንዲገባ ጉባኤው እንዲወስን እጠይቃለሁ። ባለፈው ክረምት ዘግይቶ የደረሳቸው አባላት እዚሁ አሉ፤ ምን እንዳፈሱ ራሳቸው ይንገሩን። መድረኩን ለእነሱ ለቅቄያለሁ።