ሾርባ ያቀፉ ቁስለኞች

ዱባይ ውላችሁ ሻርጃና አጅማን የምትገቡ፣ ይሄን ጊዜ አል ኢትሃድ መንገድ ላይ ተገትራችኋል። እስኪከፈት ስለ አንዲት ነርስ ላውጋችሁ።

ሳላሪያ ኪ ትባላለች፤ ኒው ዮርክ፣ ሃርለም ሆስፒታል የሠለጠነች ጥቁር አሜሪካዊት። እ.ኤ.አ. በ1935 ጣሊያን ሲወረን፣ እሷና የሃርለም ነርሶች እርዳታ አሰባስበው 75 አልጋ ያለው የጦር ሜዳ ሆስፒታል ወደ ኢትዮጵያ እንዲላክ አደረጉ። ኋላ በገዛ አገሯ ኦሃዮ በጎርፍ ስትጥለቀለቅ «ልርዳ» ብላ ለቀይ መስቀል አመለከተች። ጥቁር ነሽ ብለው መለሷት።

በ1937 የእርስ በርስ ጦርነት ወደሚያምሳት ስፔን ዘመተች። ሆስፒታሉ ቪያ ፓስ ይባላል፤ የንጉሣውያን ቤተሰብ መኖሪያ የነበረ ነው። አንድ ቀን ማሞቂያው ተበላሸ፣ ቁስለኞቹ በብርድ ተንቀጠቀጡ፣ ሙቅ ውሃም ጠፋ። ወጥ ቤት ውስጥ ግን ሾርባ ይንተከተካል። ሳላሪያ እሱን እየጨለፈች፣ ሙቅ ውሃ ይዘው ከበሽተኛ ጎን በሚደረጉት የጎማ ከረጢቶች ሞልታ አሳቀፈቻቸው። ወጥ ሠሪዎቹ ምን እንዳሉ እንጃ፤ የእኔ እናት ብትሆን ጭልፋውን አትለቅላትም ነበር!

በቦምብ ድብደባ ተጎድታ በ1938 አገሯ ተመለሰች። ከዚያ በየከተማው እየዞረች ያየችውን መናገር ያዘች፤ ለስፔን ቁስለኞች መድኃኒት መግዣ ገንዘብ ይሰበሰብ ነበርና። የሾርባው ታሪክም ለዚያው ሥራ በታተመች ትንሽ መጽሐፍ ላይ ሰፍሯል።

ከጎን ሆኖ ያየ ሰው ሲናገር ምን እንደሚሆን እኛም እናውቀዋለን። ቤድ ስፔስ የምትጋራን እህት ታማ ለአገር ቤት ቲኬት ስናዋጣ፣ አንዱ «ይሄን ያህል ድርሃም ጎድሏል» ሲል ሁሉም ስልኩን ይነካካል። ከጎኗ የምትተኛው ልጅ «ትናንት ማታ ውሃ እንኳ አልዋጥ አላት» ስትል ግን ቦርሳ ይከፈታል። ሳላሪያ መድረክ ላይ እንደዚያች ልጅ ነበረች፤ ቁስለኞቹ አጠገብ አድራለች።

ሃርለም ውስጥ ለእኛ ስትለምን ግን ገና ጦር ሜዳ የሚባል አላየችም ነበር።