መልካም ትምህርት ቤት በወላጆች ዐይን



ወላጅ ልጁን ወደ ትምህርት ቤት ሲሰድ ከገንዘብ የሚበልጠውን አደራ መስጠቱ ነውና፥ ትምህርት ቤቱ መልካም እንደ ሆነ በምን እንደሚያውቀው በዚህ የኢዮቤልዩ በዓል መመርመር ይገባል።

የቀደሙ ወላጆች ይህን ሲመረምሩ ቤቱን አያዩም ነበር። ማስተማሪያው ብዙ ጊዜ የዛፍ ጥላ ወይም የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ጥግ ነበርና፥ የሚጠይቁት መምህሩ ማን እንደ ሆነ ነው። ዋሸራና ጎንጅ በቅኔ፥ ቤተ ልሔም በድጓ ስማቸው የተጠራው በመምህራኑ እንጂ በግንብ አይደለም።

ትምህርቱም የሚፈተነው በቤት ነበር። ሕፃኑ 231ዱን ፊደል ለይቶ፥ በቁጥር፥ በግእዝ፥ በውርድና በቁም ንባብ አልፎ 150ውን መዝሙር ሲዘልቅ፥ እናቱ ፊደል ባትለይ እንኳ ንባቡ መቅናቱን በጆሮዋ ትሰማ ነበር። ዳዊት የደገመ ዕለትም ወላጆቹ ድግስ ደግሰው መምህሩን ያከብሩ ነበር።

ዳግማዊ ምኒልክም በአውሮጳ አቈጣጠር በ1908 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በስማቸው የሚጠራውን ትምህርት ቤት ሲከፍቱ፥ አዲሱ ትምህርት የልጆችን ሃይማኖት ይለውጣል የሚል ሥጋት ስለ ነበረ፥ መምህራኑን ከግብጽ ኦርቶዶክሳውያን አስመጡ። ወላጅ ትምህርቱን ከማመኑ በፊት መምህሩን ማመን ይሻልና።

ዛሬ ግን ብዙ ወላጅ የሚያየው የግንቡን ቁመት፥ የደንብ ልብሱን ማማርና የክፍያውን ብዛት ነው። ሕፃኑ ሦስት ዓመት ተምሮ አንድ ገጽ ማንበብ ቢሳነው፥ ግንቡ ምን ይጠቅመዋል? ድኻውም ወላጅ ብዙ መክፈል ስላልቻለ ልጁን የበደለ እየመሰለው ያፍራል፤ ነገር ግን ማፈር አይገባውም። ይልቁንስ ሦስት ነገር ይመርምር፤ መምህሩ ልጁን በስሙ ያውቀዋልን? ሲሳሳት ሳይሰለች ያቀናዋልን? ልጁስ ትናንት ያላወቀውን ዛሬ ዐውቆ ይመለሳልን?

ይህን ለመመርመር ማታ ከልጅ ጋራ ተቀምጦ የዕለቱን ትምህርት አንብብልኝ ማለት ይበቃል፤ ማንበብ የማይችልም ወላጅ መስማት ይችላል። ዓመቱን ሙሉ መምህሩን ሳይጠይቅ ኖሮ ልጁ ሲወድቅ ብቻ ለወቀሳ የሚመጣ ግን፥ በትምህርት ቤቱ ላይ ከመፍረዱ በፊት በራሱ ላይ ይፍረድ። መልካም ትምህርት ቤት መምህርና ወላጅ አንዱን ልጅ በሁለት ወገን የሚጠብቁበት ስፍራ ነውና።

እግዚአብሔር መምህራንን ያጽና፥ ሕፃናትን በጥበብ ያሳድግ። አሜን።