የት ነሽ?

በወሩ የእሁድ ስብሰባችን ላይ ስለ ስልክ ካርታ የተደረገ ንግግር

 ፈቃድ አግኝታችሁ እዚህ የተቀመጣችሁም፣ ማዳም ሳትሰማ ከወጥ ቤት ሆናችሁ በስልክ የምታዳምጡንም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ባለፈው “ስለ ካርታ ማን ይናገር?” ሲባል ሁላችሁም ወደ እኔ ዞራችሁ። ሌላ ምክንያት የለውም፤ ለጽዳት አዲስ ሰፈር ሲገጥማችሁ “ሎኬሽን ልከውልኛል፣ በምን ልሂድ?” ብላችሁ የምትደውሉት ለኔ ስለሆነ ነው። የተማርኩት እስከ አስረኛ ክፍል ነው። ቤሩት ግን ስምንት ዓመት ሆኖኛል፤ ከቤት ወጥቼ በሰዓት መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ ካርታ ሳልከፍት የዋልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ትምህርት ቤት እያለን ካርታ ምን ነበር? ጥቁር ሰሌዳው አጠገብ የሚሰቀል፣ ጠርዙ የተበጣጠሰ ትልቅ ወረቀት። መምህሩ በእንጨት እየጠቆመ “ዓባይ ከየት ይነሳል? ኢትዮጵያን በደቡብ የሚያዋስናት ማነው?” ይለናል፣ እኛ በአንድ ድምፅ እንመልሳለን። ያ ካርታ የሚያወራው ስለ አገር ነበር። አንቺ የት እንደቆምሽ አያውቅም፣ ጉዳዩም አይደለም። ሰሜን ወደ ላይ ነው፣ አለቀ። (እሱም ቢሆን ሰው የተስማማበት ነገር ነው እንጂ ከሰማይ የወረደ አይደለም። አል ኢድሪሲ የሚባል የዐረብ ሊቅ በ1154 ለሲሲሊ ንጉሥ የሠራው የዓለም ካርታ ደቡብን ነው ወደ ላይ ያደረገው። በሱ ብንማር ኖሮ ሞያሌ ከላይ፣ መቀሌ ከታች ትሆንብን ነበር።)

የስልኩ ካርታ ግን የሚጀምረው ከአንቺ ነው። ስትከፍቺው መጀመሪያ የምታዪው ሰማያዊ ነጥብ ነው። ነጥቧ አንቺ ነሽ። ለሌላው ሰው ይሄ ተራ ነገር ሊሆን ይችላል። ለኛ ግን አስቡት። ስንቶቻችን ነን ከአየር ማረፊያ በማታ በመኪና ተወስደን፣ የገባንበትን ሰፈር ስም ሳናውቅ ወራት የኖርነው? አንዲት እህት ለእርዳታ ስትደውል “የት ነሽ?” ስትባል የምትለው ይሄንን ነው፦ “ሦስተኛ ፎቅ ነኝ። ፊት ለፊት ቢጫ ቢናያ አለ። ከበታች ዳቦ ቤት ይሸተኛል።” ከዚህ ተነስቶ ማን ያገኛታል? ቤሩት ውስጥ ስንት ዳቦ ቤት አለ!

ስለዚህ ዛሬ ከሁሉ በፊት የምነግራችሁ ስለ ቁጥሩ ነው። ሰማያዊዋን ነጥብ በጣታችሁ ተጭናችሁ ስትቆዩ፣ ቀይ ምልክት ይመጣና ከላይ ወይ ከታች ሁለት ረጃጅም ቁጥሮች ይወጣሉ። ቤሩት ውስጥ ከሆናችሁ የመጀመሪያው በ33፣ ሁለተኛው በ35 ይጀምራል። ከነጥቡ በኋላ አራት አራት ቁጥር ብቻ ካነበባችሁ ያላችሁበት ቦታ በ11 ሜትር አካባቢ ልዩነት ይታወቃል። የመንገድ ስም አያስፈልግም፣ አረብኛ ማንበብ አያስፈልግም። በስልክ ታነቢዋለሽ፣ ወይ በተራ መልእክት ትልኪዋለሽ፣ የተቀበለችሽ ሰው ካርታዋ ላይ ስትጽፈው ሰፈርሽ ቁጭ ይላል።

ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁኝ “ካርድ ከሌለኝስ? ዋይፋዩን ከዘጉብኝስ?” ነው። ጂፒኤስ ኢንተርኔት አይፈልግም። ሥራው እንዲህ ነው፦ የአሜሪካ መንግሥት ሳተላይቶች አሉ፣ ወደ 30 ይሆናሉ፣ ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብለው ይዞራሉ። እነሱ ዝም ብለው ሰዓታቸውንና ያሉበትን ይናገራሉ። ስልክሽ የሚያደርገው መስማት ብቻ ነው። ቢያንስ የአራቱን ከሰማ የት እንዳለሽ ያሰላል። ከ2000 በፊት አሜሪካኖች ለሲቪሉ ሆን ብለው የተበላሸ ምልክት ነበር የሚለቁት፤ በዚያ ዓመት ግንቦት መግቢያ ላይ ነው ያቆሙት። እና ነጥቧ በነጻ ናት። ኢንተርኔት የሚበላው ከነጥቧ ሥር ያለው ሥዕል ነው። ሥዕሉን አስቀድመሽ አውርደሽ ካስቀመጥሽ ያለ ካርድም ይሠራል። ወፍራም ግድግዳ ያለው ቤት ውስጥ ነጥቧ ልትዋልል ትችላለች፣ ያኔ ወደ መስኮት ወይ ወደ በረንዳ ጠጋ በሉ።

አንድ ነገር ግን ካርታው አያውቅም፤ ፎቅ። ነጥቧ ምድር ቤትም ሁኚ ዘጠነኛ ፎቅ አንድ ናት። ስለዚህ ከቁጥሩ ጋር የቢናያውን ስም፣ ፎቁንና ደወሉ ላይ የተጻፈውን የቤተሰብ ስም ጨምሩ። ይሄን የምለው ለክፉ ቀን ብቻ አይደለም። አንድ ሰው ታሞ 140 ቀይ መስቀል ስትደውሉ፣ እሳት ተነስቶ 125 ስትደውሉ፣ የሚጠየቀው ይሄው ነው።

እስቲ ስለ መንገድ ደግሞ። አገሬው ራሱ በካርታ አይሄድም፣ ይሄን ታውቃላችሁ። ሰርቪስ አስቁማችሁ የመንገድ ቁጥር ብትነግሩት ሾፌሩ ይስቃል። “ኮላ” ስትሉት ግን ይገባዋል። ኮላ የተባለው ድሮ እዚያ በነበረ የኮካ ኮላ ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው ከጠፋ ስንት ዘመኑ፤ ስሙ አለ፣ ቫኖቹም እየጠሩት ይሞላሉ። እኛስ አዲስ አበባ እንዲሁ አይደለንም? የፈረሰ ሲኒማ ቤት፣ የተዘጋ ቡና ቤት እየጠራን አይደል የምንገናኘው? የዚህ አገር ቫንና አውቶቡስም ለብዙ ዘመን የተሳለ መስመር አልነበረውም። መንገዱ የሚታወቀው በሾፌሩና በተሳፋሪው ጭንቅላት ነው። በ2015 ባስ ማፕ ፕሮጀክት የሚባል ሥራ ጀምረው ቫን ላይ እየተሳፈሩ፣ በስልካቸው መስመሩን እየመዘገቡ ካርታ የሠሩት ራሳቸው ተሳፋሪዎች ናቸው። ይሄ ደስ ይለኛል። ከሐምራ የሚነሳውን ቫን ቁጥር 4 ከኛ በላይ ማን ያውቀዋል? ታሪፉ ሲጨምር እንኳ ከኛ በፊት የሚሰማ የለም።

ጎግል ማፕም በ2018 አማርኛ ያለበትን 39 ቋንቋዎች ጨምሯል። የስልካችሁን ቋንቋ ወደ አማርኛ ብትቀይሩ ካርታውም በአማርኛ ይጽፍላችኋል።  የሰፈሮቹ ስም ግን በአረብኛና በላቲን ፊደል ነው የሚቀመጠው፤ አጻጻፉም ይለያያል። ቡርጅ ሐሙድን ፈልጋችሁ ካጣችሁ ዶራን ፈልጉና ወደ ጎን ሂዱ።

አሁን ደግሞ ወደ ማልወደው ነገር ልምጣ። ነጥቧን አንቺ ብቻ አይደለሽም የምታዪያት። ከእኛ አንዷ (ስሟን አልጠራም) አሠሪዋ በበዓል ስልክ ስጦታ ሰጧት። ተደሰተች። ከዚያ እሁድ እሁድ ስትመለስ “ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ሰዓት፣ ከዚያ ዶራ ሦስት ሰዓት” እያሉ ይቆጥሩላት ጀመር። ሰው አላስከተሉባትም። ስልኩ በማዳሟ አካውንት ነበር የተከፈተው፣ ማዳም ሶፋ ላይ ተቀምጣ ነው የምታያት። ስለዚህ ስጦታ ስልክ ስትቀበሉ፣ ማን ኢሜይል እንደገባበት እዩ። ጎግል ማፕ ላይ ፎቶአችሁን ስትነኩ አካባቢ ማጋራት የሚል አለ፤ ማን እንደሚያያችሁ እዚያ ይጽፋል። ዋትሳፕም ግላዊነት የሚለው ውስጥ ለማን ቀጥታ ሎኬሽን እየላካችሁ እንደሆነ ያሳያል። ስልኩ የማዳም ከሆነ ግን ዝም ብላችሁ አትንኩት፣ ጠብ ያመጣል። መጀመሪያ ከእኛ ጋር ተማከሩ።

ያው ነገር ለኛም ይሠራል ደግሞ። በሰዓት የምትሠሩ፣ የማታውቁት ሰው “ቤት ማጽዳት አለ፣ ነይ” ብሎ ሎኬሽን ሲልክ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ቦታውን በሳተላይት እዩት። መኖሪያ ሰፈር ነው ወይስ ከከተማ የወጣ መጋዘን? ከዚያ ለአንዷ ጓደኛችሁ በዋትሳፕ ቀጥታ ሎኬሽን ላኩ። ምርጫው 15 ደቂቃ፣ 1 ሰዓት ወይ 8 ሰዓት ነው። 8ቱን ምረጡ፣ የሥራ ቀን ነውና። ጓደኛም ብትሆን ሥራው ሲያልቅ አጥፉት።

ካርታ ያረጃል፣ ይሄንንም እወቁ። የኔ ቤተሰቦች ከሐይቅ ከተማ ትንሽ ወጣ ብለው ነው ያሉት። ከሰማይ ስታዩት ሐይቁ አለ፣ ከጎኑ አርዲቦ አለ፣ መንገዱን ይዤ ስሄድ የእናቴን ቤት ቆርቆሮ አገኘዋለሁ። በ2014 ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ወደ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ስልክ ተቋረጠ። ቀንና ሌሊት ያንን ቆርቆሮ እከፍት ነበር። ሁሌም ደህና ነው። ግቢው ንጹህ፣ ዛፉ አረንጓዴ። ወንድሜ ከሁለት ዓመት በፊት የሠራት ክፍል ግን የለችም። ፎቶው ክፍሏ ሳትሠራ የተነሳ ነው። ሳተላይት ስንል አሁን የሚሆነውን የሚያሳይ ይመስለናል፤ ካርታው ላይ የሚለጠፈው ግን ወራት፣ አንዳንዴ ዓመታት የቆየ ፎቶ ነው። ደህና መሆናቸውን የሰማሁት መስመር ሲከፈት ከእናቴ አፍ ነው።

እዚህ ያለፈውን ጦርነት ደግሞ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ፤ በ2024 የሆነውን። ያኔ ካርታው ሁለት ጊዜ ነው የፈተነን።

አንደኛው፣ ነጥቧ መዋሸት ጀመረች። ከሳተላይት የሚመጣው ምልክት በጣም ደካማ ነው፣ ከምድር በጠንካራ ምልክት መሸፈን ወይ ማታለል ይቻላል። በጦርነቱ ምክንያት ይሄ ሲደረግ ሐምራ የቆመ ሰው አየር ማረፊያ ነህ ይባል ነበር፤ የታክሲ ሾፌሮችን ጋዛ ራፋህ ነህ ያላቸውም አለ። የሊባኖስ መንግሥት በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ለተባበሩት መንግሥታት አቤት ብሎ ነበር። ነጥቧ ስትዋሽ እንዴት ታውቃላችሁ? ዙሪያችሁን እዩ። ካርታው አውሮፕላን ማኮብኮቢያ ላይ ነሽ ካለሽና አንቺ ፊት ለፊት ፋርማሲ ካለ፣ ፋርማሲው ነው እውነቱ።

ሁለተኛው ይበልጣል። በ2017 የመስቀል ዕለት፣ በፈረንጆቹ መስከረም 27፣ ዳሂዬ እንደተመታ ትዝ ይላችኋል። በዚያው ሌሊት የእስራኤል ጦር የአረብኛ ቃል አቀባይ በኤክስ ላይ ካርታ ይለጥፍ ጀመር፤ ከሰማይ የተነሳ ፎቶ፣ በቀይ የተቀለመ ቢናያ፣ በአረብኛ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ። ውጡ፣ ከ500 ሜትር ያላነሰ ራቁ ይላል። ከዚያ በኋላ ብዙ ሌሊት እንዲሁ ሆነ። እኛ የምናውቀው የወጥ ቤት አረብኛ ነው፤ እንሰማለን፣ እንመልሳለን፣ ማንበብ ግን የሚችል ጥቂት ነው። አሠሪዎቻቸው ሸሽተው “ቤት ጠብቂ” ተብለው የቀሩ እህቶች ነበሩ። በግሩፓችን ያ ካርታ እየመጣ “ይሄ የት ነው? እኔ ጋ ነው?” ይባል ነበር። የአንድ ሰው ሕይወት ካርታ በማንበብ ላይ ሲወድቅ ያየሁት ያኔ ነው። በትምህርት ቤት ካርታ ማንበብ አምስት ማርክ ነበር።

ያኔ የሠራልን ዘዴ ይሄ ነው። ቀዩን መጀመሪያ አትዩት፣ ዓይን ይይዛል። ትልቅ መንገድ፣ አደባባይ፣ ስታዲየም፣ ትምህርት ቤት ፈልጉ። ከዚያ የራሳችሁን ካርታ በሳተላይት ክፈቱና ያንኑ ነገር እዚያ አግኙት። ሁለት የሚመሳሰል ነገር ካገኛችሁ ቀዩ የት እንደሚወድቅ ታውቃላችሁ። የቀዩን ቦታ በጣታችሁ ተጭናችሁ ስትይዙ ርቀት መለኪያ ይመጣል፣ እስከ ራሳችሁ ለኩ። 500 ሜትር በእግር ስድስት ሰባት ደቂቃ ነው። የምትኖሩበትን ሰፈር ስም በአረብኛ ፊደል ደግሞ ማንበብ ባትችሉ እንኳ መልኩን ልመዱት፤ ከሱቅ ወይ ከመንገድ ሰሌዳ ላይ ፎቶ አንሱና ስልካችሁ ውስጥ አኑሩት። እትዬዎቻችን በመርፌ ጥለት እንደሚለዩት ነው፣ ዓይን ይለምዳል።

ስልክ ደግሞ ይሰበራል፣ ይነጠቃል፣ ባትሪው ያልቃል። ሁለቱን ቁጥሮች፣ የቢናያውን ስምና የአንድ የኛ ሰው ስልክ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከልብሳችሁ ውስጥ ስፉት። አንዱን ቅጂ ለእህታችሁ ወይ ለእናታችሁ አገር ቤት ላኩ። እናቴ ማንበብ አትችልም፤ ቁጥሮቼን ግን ታናሽ ወንድሜ የመሶቡ ክዳን ውስጥ ለጥፎላታል፣ ሰው በመጣ ቁጥር “ልጄ ያለችው እዚህ ነው” እያለች ታሳያለች አሉ።

በሉ አሁን ስልካችሁን አውጡ። የአዳራሹ ዋይፋይ ቁጥር በሩ ላይ ተለጥፏል። ካርታውን ክፈቱ፣ ፎቶአችሁን ንኩ፣ ከመስመር ውጪ የሚለውን ምረጡ፣ ከቤሩት እስከ ሳይዳ እንዲይዝ አድርጉና አውርዱት። ቦታ የለኝም ያላችሁ የሠርግ ቪዲዮ አጥፉ። ዛሬ ያልመጡት የሦስት እህቶች ቁጥር እስካሁን የለንም፣ በስልክ የምትሰሙን እናንተ ናችሁና አሁኑኑ መስኮት ጋ ሄዳችሁ አንብቡልኝ፣ እየጻፍኩ ነው።