የሚመላለስ የብልት ቆዳ መላጥ፤ መነሻውና ሕክምናው

(በመረዳጃ ማኅበራችን የጤና ትምህርት ቀን ለወንዶች አባላት የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ በቡና ላይ የሚወራ አይደለም። ወንድ ልጅ ጥርሱን ቢያመው ለጎረቤቱ ይናገራል፤ ወገቡን ቢያመው ለሚስቱ ይናገራል። የብልቱ ቆዳ ሲላጥ ግን ለማንም ሳይተነፍስ፣ በር ዘግቶ ያገኘውን ቅባት ሲቀባ ይከርማል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባል የለም? ነገሩ እንደዚያው ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር እንወቅ። በዚያ ቦታ ቆዳ ተላጠ ማለት የግድ የአባለ ዘር በሽታ ያዘ ማለት አይደለም። ብዙውን ጊዜ መነሻው ሌላ ነው። ይህን ባለማወቅ ባል ሚስቱን ይጠረጥራል፤ ሚስትም ባሏን ትጠረጥራለች፤ ሳይመረመር ትዳር ይናጋል። ስለዚህ ከፍርድ በፊት ምርመራ ይቅደም። ደግሞም አንዴ ድኖ እየተመለሰ የሚያስቸግር ከሆነ ዋናው ጥያቄ «ምን ልቀባ?» ሳይሆን «የሚመልሰው ምንድነው?» የሚለው ነው።

እንግዲህ መነሻዎቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

1ኛ/ ሳሙናና የሚያቃጥል ነገር። የብልት ቆዳ ስስ ነው። ሽታ ባለው ሳሙና በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ሲፈተግ ይደርቃል፣ ይቀላል፣ ይላጣል። ሰውየው «ቆሽሾ ይሆናል» ብሎ አብዝቶ ይታጠባል፤ ባጠበ ቁጥርም ይብስበታል። ዴቶል፣ አልኮል፣ ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ በረኪና የሚያደርጉም አሉ። እነዚህ ቆዳን ያቃጥላሉ እንጂ አያድኑም። በደንብ ያልታለቀለቀ የውስጥ ሱሪ ላይ የቀረ የልብስ ሳሙናም እንዲሁ ያስቸግራል። ኮንዶም የተሠራበት ላስቲክ የማይስማማቸው ሰዎችም አሉ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በንጹሕ ውሃ ብቻ መታጠብ፣ ሳይፈትጉ ማድረቅ፣ ቆዳው እስኪያገግም ሽታ የሌለው ቫዝሊን በስሱ መቀባት። ቫዝሊንና ቅባታማ ነገር ግን ኮንዶምን ስለሚያበላሽ አብሮ አይሄድም።

2ኛ/ ጭርት። ይህ ፈንገስ ነው። ብሽሽት ላይ ይጀምራል፤ ጠርዙ ቀላ ብሎ ከፍ ይላል፣ ይላጣል፣ ያሳክካል፤ ወደ ጭንም ይሰፋል። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚሠራና የሚያልበው ሰው፣ ለምሳሌ ሾፌር፣ ይበረታበታል። ታዲያ ለምን ይመላለሳል? ብዙ ጊዜ ምንጩ እግር ጣቶች መካከል ያለው ፈንገስ ስለሆነ ነው። ሰውየው ብሽሽቱን ያክማል፣ እግሩን ይረሳል፤ የውስጥ ሱሪውን ሲያጠልቅ ከእግሩ ይዞት ይወጣል። ስለዚህ ሁለቱንም አብሮ ማከም፣ ካልሲን ከውስጥ ሱሪ በፊት ማድረግ፣ ፎጣን ለብቻ መያዝ ይገባል። ክሎትሪማዞል የተባለው ቅባት በቀን ሁለት ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይቀባል። ማሳከኩ በ3 ቀን ቢተውም ማቋረጥ አይገባም።

3ኛ/ እርሾ መሰል ፈንገስ። ካንዲዳ የሚባለው ነው። የብልቱን ጫፍ ያቀላል፣ ያሳክካል፣ ነጭ ነገር ያወጣል፣ ይላጣል። ባልተገረዘ ሰው ላይ ይበዛል፤ የተገረዘውንም አይምርም። ይኸኛው ሲመላለስ የስኳር በሽታ መኖሩን ሊያመለክት ይችላል። ሽንት ውስጥ ስኳር ሲበዛ ፈንገሱ ይመቸዋልና። ስለዚህ ደጋግሞ የያዘው ሰው ቅባት ከመለዋወጥ ይልቅ የደም ስኳሩን ይለካ። ሚስትም የማሳከክ ወይም የፈሳሽ ምልክት ካላት አብራ ትታከም።

4ኛ/ የምንውጠው መድኃኒት። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። አንድ ሰው ጉሮሮውን አሞት ባክትሪም ገዝቶ ዋጠ እንበል። በብልቱ ጫፍ ላይ ክብ ቁስል ወጣ፣ ተላጠ፣ ጥቁር ምልክት ትቶ ዳነ። ከወራት በኋላ ያንኑ መድኃኒት ሲወስድ በሰዓታት ውስጥ እዚያው ቦታ ላይ ተመልሶ ወጣበት። ሰውየው ሴት ያስያዘችው ይመስለዋል፤ ያስያዘው ግን ክኒኑ ነው። ባክትሪም ብቻ ሳይሆን ቴትራሳይክሊንና እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎችም ይህን ያደርጋሉ። የመድኃኒቱን ስም ጽፎ መያዝና በየሕክምናው መናገር ያስፈልጋል። በሐኪም ትእዛዝ በቋሚነት የሚወሰድን ግን ሳያማክሩ ማቋረጥ አይገባም።

5ኛ/ ሌሎች የቆዳ በሽታዎች። ሶራያሲስና ኤግዚማ በክርን፣ በጉልበት ወይም በራስ ቆዳ ላይ ያለበት ሰው እዚያም ሊወጣበት ይችላል። አይተላለፉም። ሌሊት የሚብስና ቤተሰቡን ሁሉ የሚያሳክክ ከሆነ ደግሞ እከክ ነው ብሎ መጠርጠር ነው፤ መታከም ያለበትም ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ቀን ነው።

አሁን ስለ አንድ አደገኛ ልማድ ልናገር። መድኃኒት ቤት ሄዶ «ለማሳከክ የሚሆን ቅባት ስጠኝ» ማለት ተለምዷል። የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል ያለበት ነው። ሲቀባ በ2 ቀን ያስታግሳል፤ ሰውየው «ተገላገልኩ» ይላል። ፈንገስ ከሆነ ግን መቅላቱን ይሸፍነዋል እንጂ አይገድለውም፤ ቅባቱ ሲቆም አይሎ ይመለሳል። መልኩም ስለሚለወጥ ሐኪሙን ያሳስታል። ሲደጋገም ቆዳውን ያሳሳዋል። እነዚህን ቅባቶች ሐኪም አይቶ ሲያዝ፣ በታዘዘው ቀን ልክ ብቻ እንጠቀም።

ቀጥለው የምዘረዝራቸው ሲታዩ ቀን አይቆጠርም፤ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው፦

— ውሃ የቋጠረ ወይም ክፍት ቁስል፣ ባያምም እንኳ። ቂጥኝ ሳያም ወጥቶ በራሱ ይጠፋል፤ ጠፋ ማለት ግን ዳነ ማለት አይደለም።
— ከሽንት ቧንቧ ፈሳሽ ወይም የብሽሽት እብጠት።
— በ3 ሳምንት ያልዳነ ቁስል፣ ወይም ነጭ ሆኖ የጠነከረ ቆዳ። ካንሰር አለመሆኑ መጣራት አለበት።
— ከመድኃኒት በኋላ ከብልት ጋር አፍና ዓይንም ከተላጡ። ይህ በዚያው ቀን ሆስፒታል የሚያስኬድ ነው።

ጤና ጣቢያው ካልቻለ ወደ ቆዳ ሐኪም እንዲልካችሁ ጠይቁ። በአዲስ አበባ አለርት ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና ይሰጣል። «አለርት» ሲባል የሥጋ ደዌ ብቻ እየመሰለው የሚሸሽ ሰው አለ፤ ዛሬ ግን ልዩ ልዩ የቆዳ ሕመም ያለበት ሁሉ ይታከምበታል። ስትሄዱ የተቀባችሁትንና የዋጣችሁትን ሁሉ፣ ከነማሸጊያው ቢሆን ይመረጣል፣ ይዛችሁ ቅረቡ። በሄዳችሁበት ቀን ጠዋት ምንም አትቀቡ፤ ሐኪሙ ቆዳውን እንዳለ ይየው።

በመጨረሻም አባቶችን አደራ የምለው፣ ጎረምሳ ልጆቻችሁ ይህ ነገር ሲገጥማቸው ከእናንተ ቁጣ ፈርተው በረኪና እንዳያነሱ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። አንድ ቃል ብቻ ይበቃል፤ «የትኛውም ቦታ ቢያምህ ለእኔ ንገረኝ» በሏቸው።